የውሃ ባቡሩ ጋን

ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ትእዛዝ «ሙሉ ሙዪ፣ ግን ሙሉ አይደለም» የሚል ነበር። እኔም «እሺ ጌታዬ» አልኩ። ምኑን እሺ እንዳልኩ ግን አላወቅሁም። ያለማወቄን ዕዳ የተሸከመው ደግሞ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው።

ትእዛዙን የሰጠኝ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነጋዴ ነው። አማርኛውን ከማን እንደተማረ እንጃ፤ ወንዱን ሁሉ «አንቺ»፣ ሴቱን ሁሉ «አንተ» እያለ ነበር የሚጠራው። የአዳማ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ በኋላ ለመደው። አንዳንዱ ጫኝማ «አንቺ ካላለኝ የተቆጣ ይመስለኛል» ይል ነበር።

ያኔ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። ጣልያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ይቀሩት ነበር። ከተማዋ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ጀርባ የተደረደሩት የነጋዴ መጋዘኖችና የእህል ገበያው ነው። እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ። ከእህል ነጋዴ አጎቴ ጋር ወደዚህ ወርጄ፣ እሱ ሲሞት በዚያው ገበያ ሰፋሪ ሆኜ ቀረሁ።

ሰፋሪ ማለት ሻጭና ገዥ ከተስማሙ በኋላ ቁናውን የሚይዝ ሰው ነው። ሁለቱም እሱን ያምናሉ፣ ወይም ሁለቱም እሱን ይረግማሉ። እኔን ያምኑኝ ነበር። ቁናውን እነቀንቃለሁ፣ እጠቀጥቃለሁ፣ ከዚያም እህሉ ከአፉ በላይ ቁንጮ እስኪያወጣ ድረስ እከምራለሁ። ከከመርኩት ላይ አንዲት ፍሬ መሬት አትነካም። «ሰይድ ነው የሰፈረው» ከተባለ ደግሜ ላሰፍር የሚል የለም። ከዚህ ስም በቀር ምንም አልነበረኝም።

ሙሴ ያኒ አንድ የገበያ ቀን ጤፍ ስሰፍር ቆሞ ሲያየኝ አረፈደ። ጤፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በጣት መካከል ሾልኮ የሚጠፋ ነገር ነው። ስጨርስ ጠጋ ብሎ እጄን ገለበጠና አየው። «አንቺ እጅ ጥሩ። አታፈሺም» አለኝ። በዚያው ቀን ቀጠረኝ።

ሥራው በዝዋይ ሐይቅ ላይ ላለችው ሞተር ጀልባው ቤንዚን ማቅረብና መሙላት ነበር። አገሬው ጀልባዋን «የውሃ ባቡር» ይላት ነበር። ያኔ እሳት በልቶ የሚጮህ ነገር ሁሉ ባቡር ነው፤ ወፍጮውም ባቡር፣ በሐዲድ የሚሄደውም ባቡር። የቤንዚን መያዣዋን ደግሞ ጋን አልናት። ከጀልባዋ ኋላ ከወለሉ ሥር የተቀበረች ቆርቆሮ ናት፤ አፏ ብቻ ከወለሉ በላይ ብቅ ይላል። የነሐስ ክዳን አላት፤ በክዳኑ መካከል መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። «ለምንድን ነው ይህች?» ብዬ ሙሴ ያኒን ጠየቅሁት። «ለመተንፈስ» አለኝ። ቆርቆሮ ምን ይተነፍሳል? ዝም አልኩ።

ጫኞቹ «የቤንዚን ሹም» የሚል ማዕረግ ሰጡኝ። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» እያሉም ይተርቡኝ ነበር።

ቤንዚኑ በባቡር አዳማ ይደርሳል። ሁለት ሁለት የቆርቆሮ ጣኒካ ሆኖ በሳንቃ ሣጥን ታሽጎ ነው የሚመጣው። በአንድ በቅሎ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሣጥን እንጭናለን። መንገዱ በሞጆና በመቂ አድርጎ ዝዋይ ዳርቻ፣ ዛሬ ባቱ ከተማ ካለችበት ቦታ ይወስደናል። «ሙሴ፣ ጣኒካው ሞጆ ጣቢያ ላይ ቢወርድ አይቀርብም?» ብዬ ብጠይቀው «መጋዘን አዳማ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ወደኋላ ሄደን እየጫንን ወደፊት ስንመለስ ኖርን። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ጠዋት ፀጥ ያሉት ጣኒካዎች ፀሐይ ሲጠነክር «ጧ! ጧ!» እያሉ ሆዳቸውን ይነፋሉ። በቅሎዎቹ ይበረግጋሉ። ጫኞቹ ጂኒ ገብቶባቸዋል ብለው ሲጋራቸውን ከመጣል አልፈው ዱዓ ያደርጉ ነበር። እኔም አብሬ አሚን እላለሁ። ማታ ሲቀዘቅዝ ሆዳቸው ይመለሳል። ማንም ምንም አላስረዳኝም፤ እኔም ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

ሐይቁ ዳር የጠበቀኝ የጀልባዋ መሪ ያዥ ጋሼ ወልዴ ነው። የቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው ነው። ታንኳ ላይ ያደገ፣ ሐይቁን እንደ ደጁ የሚያውቅ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው። ሙሴ ያኒ ሞተር ማስነሳት አስተምሮታል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሯ ለሙሴ ለራሱ እንቢ ስትል ለጋሼ ወልዴ ትታዘዝ ነበር። እኔ ዋና አልችልም። ጀልባዋ ላይ መጀመሪያ ስወጣ ዳሩን በሁለት እጄ አንቄ ስይዝ አይቶ «ቁጭ ብለህ ልመዳት» አለኝ።

አሞላሉን ሙሴ ያኒ በእጁ አሳየኝ። መጀመሪያ መንገደኛ ሁሉ ይወርዳል። ሞተር ይጠፋል። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ፍም የያዘ ሰው ሃምሳ እርምጃ ይርቃል። ከዚያ አፉ ሰፊ ታቹ ቀጭን የሆነው ቆርቆሮ፣ እኛ ጥሩምባ የምንለው፣ በጋኗ አፍ ላይ ይቀመጣል። በጥሩምባው ውስጥ ስስ ቆዳ ይነጠፋል፤ ቆዳው ቤንዚኑን ያሳልፋል፣ ውሃና ቆሻሻውን ያስቀራል። ጥሩምባው የጋኗን አፍ መንካት አለበት። «ለምን?» አልኩ። «ብልጭታ» አለኝ። እሳት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ብልጭታው ከየት ይመጣል? ይህንንም ዝም አልኩ። ሥራዬ ዝምታ ይበዛበት ነበር።

ከዚያ ያችኑ ቃል ደገማት፦ «ሙሉ ሙዪ፣ ግን ሙሉ አይደለም። ገባሽ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

ጣኒካውን አንስቼ አንቆረቆርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እኮራለሁ። ቤንዚኑ እየጨመረ መጥቶ ከጋኗ ከንፈር እኩል ሆነ። እዚህ ላይ ሰፋሪነቴ መጣብኝ። በኛ አገር ከአፉ እኩል የሆነ ቁና የንፉግ ቁና ነው። ለእንግዳ ጠላ ሲቀዳ እንኳ ዋንጫው ካልፈሰሰ ቀጂው ይታማል። የጌታዬን ጋን አጉድዬ ልተው? ቁንጮ ልሠራለት ጨመርኩ።

ቤንዚን አይከመርም። ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በወለሉ ላይ ሮጦ ግማሹ በሳንቃው መካከል ወደ ጀልባዋ ሆድ ገባ፤ ግማሹ ሐይቁ ላይ ፈሰሰ። ውሃው እንደ ርግብ አንገት አረንጓዴም ወይን ጠጅም ሆነ። ጋሼ ወልዴ ከዳርቻው ሮጦ መጣና ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው! ይኼ እኮ የምንጠጣው ውሃ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሙሴ ያኒ የጮኸውን በግሪክኛ ስለሆነ አልጽፈውም፤ አልገባኝምም።

ወለሉን በአሸዋ አሻሸን፣ የጀልባዋን ሆድ በጨርቅ አደረቅን፣ ቀኑን ሙሉ ተከፍታ ስትናፈስ ዋለች። ሙሴ ያኒ በርዶለት ሲመለስ «ቤንዚን ሆድ ውስጥ፣ አንድ ክብሪት፣ ሁሉም ሰው...» አለና እጆቹን ወደ ላይ በተነ። ይህ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ከዚያ ተቀምጬ ትእዛዙን ፈታሁት። ሙሉ ሙላ፤ ማለትም እስከ ከንፈሩ። ግን ሙሉ አይደለም፤ ማለትም ቁንጮ አይኑረው። የግሪክ ልማድ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት። በፍቺዬም በጣም ተደሰትኩ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አፍስሼ አላውቅም። የምሞላው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በዝዋይ ከረፋድ በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባዋ ትናወጣለች። ጠዋት ውሃው ተኝቷል፣ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፣ ሰው አልመጣም። ቤንዚኑን ከከንፈሩ እኩል አደርገዋለሁ። ክዳኑን አጠብቃለሁ። በንጹሕ ጨርቅ እጠርገውና ጋሼ ወልዴን ጠርቼ አሳየዋለሁ። በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ሙሴ ያኒ ሲመጣ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል።

«እንዳልኩሽ ሞላሽ?»

«እንዳሉኝ ነው የሞላሁት።»

ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን።

ግን ቀትር ላይ ጀልባዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ጀመር። በየቀኑም አይደለም። ማልደን የተነሳን ዕለት ምንም የለም። ደመና የሆነ ዕለትም የለም። ገበያ ቀን፣ ጭነት እስኪሞላ ዳርቻው ላይ ቆመን ስንጠብቅ የዋልን ዕለት ግን ወለሉ ይረጥባል፣ ከሆዷም ሽታ ይወጣል። ጋኗን ፈተሽኩ፤ ቀዳዳ የለም። ክዳኑን ፈተሽኩ፤ እንዳጠበቅሁት ነው። ውዝዋዜው ይሆናል አልኩ፤ ግን ነፋስ በሌለበት ቀንም ይፈሳል። ጂኒ አልኩ፤ በሐይቁ ላይ ደግሞ ጂኒ አይጠፋም። ሙሴ ያኒም አፍንጫውን እየነፋ «አንዱ ክዳን ይከፍታል» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀትር ከጥላ ሥር ሆኜ ዞር ስል ጋሼ ወልዴ ከጋኗ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ አየሁት። እጁ ክዳኑ ላይ ነበር። ሲያየኝ ቀና አለና ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ መሪው ሄደ። ይህን አልረሳሁትም።

ነገሩ የፈነዳው በአዴ ዱሬቲ ቅቤ ነው። አዴ ዱሬቲ ከአርሲ ነገሌ ወገን ቅቤ በቅል እየሞላች በአህያ ታመጣለች፤ ከኛ ዳርቻ ጀልባ ተሳፍራ መቂ ገበያ ታወጣዋለች። ከሙሴ ያኒ ደንበኞች ሁሉ ቋሚዋ እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት አንድ ቅል ብቻ ይዛ መጣች። ሰላምታም ሳትሰጥ ከሙሴ ያኒ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«አሽትት!»

ሙሴ ያኒ አሸተተ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ሴቷ ሁሉ መቂ ላይ አፍንጫዋን ያዘች» አለች። «‹ይኼ ቅቤ የላም ነው የባቡር?› አሉኝ። ሰምተህ ታውቃለህ ያ ሙሴ? የባቡር ቅቤ! ሃያ ዓመት ስሸጥ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ቤንዚንህ የኔን ስም በላ። ከእንግዲህ በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ እዚህ ላይ አልወጣም።»

ሙሴ ያኒ እኔንና ጋሼ ወልዴን ጠርቶ ጎን ለጎን አቆመን። ሰው ሁሉ ያያል። ከሁለታችን አንዱ ክዳኑን እየከፈተ ነው፣ ሰርቆም ይሁን ሲጫወት ያፈሳል፣ ያ ሰው ዛሬ ይሄዳል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዳልኩሽ ሞላሽ?»

«ወላሂ እንዳሉኝ ነው የሞላሁት። አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም። የአዳማ ገበያ ይመስክርልኝ።»

«ታዲያ ማን?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። በዚያ ሥራ ስንት ነገር ዝም ብያለሁ። ግን ሰው ሁሉ እጄን ያየ መሰለኝ፤ አፋሳሽ፣ አታላይ ሰፋሪ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «እኔ አላውቅም» አልኩ። «ጋሼ ወልዴ እጃቸው ክዳኑ ላይ ሆኖ ግን አይቻለሁ።»

ጋሼ ወልዴ ቀስ ብሎ አየኝ። «ስከፍት አይተሃል?» አለኝ።

«እጅዎ ክዳኑ ላይ ነበር።»

«እጄስ ነበር» አለ።

ይኸው ነው ያለው። ሙሴ ያኒ «ለምን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጋሼ ወልዴ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ከሸምበቆው ሥር የታሰረች ታንኳውን ፈትቶ ወደ ደሴቱ ቀዘፈ። እኔ ስሜን አዳንኩ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

መሪውን ሙሴ ያኒ ራሱ ያዘ። ሞተሯ አስቸገረችው፣ ተሳደበ፣ ተነሳን። ሳምንቱ በሰላም አለፈ፤ ደመና ነበር። በቀጣዩ የገበያ ቀን ፀሐይ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ሞልቼ፣ ጠርጌ፣ ክዳኑን አጥብቄ ነበር። ቀትር ላይ ሽታው መጣ።

ጋሼ ወልዴ የለም። ሙሴ ያኒ ከዳርቻው ከነጋዴ ጋር ያወራል። ጀልባዋ ላይ ማንም አልነበረም። ቆሜ ቀረሁ። ወደ ጋኗ ልሄድ ፈለግሁ፣ ግን አልሄድኩም። ማየት የፈለግሁትን ነገር ማየት ፈራሁ።

በማግስቱ ደግሞ ሞላሁና ከጋኗ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አልበላሁም፣ አልተነሳሁም፣ ለሶላት እንኳ እዚያው ወለሉ ላይ ነው የሰገድኩት። ረፋዱ ላይ ምንም የለም። ፀሐዩ እየጠነከረ ሲመጣ ያች መርፌ የምታህል ቀዳዳ ላይ አንዲት እንጥብጣቢ ብቅ አለች። አደገች፣ ተንከባለለች፣ ወረደች። ሁለተኛ መጣች። ከዚያ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ እንደ ላብ ይወርድ ጀመር። እጅ የለበትም። ማንም አልነካውም።

«ያ አላህ!» ብዬ ጮህኩ።

አዴ ዱሬቲ ያን ዕለት እንደዛተችው አህዮቿን በእግር ወደ መቂ ልትነዳ ከዳርቻው ዛፍ ሥር ታሳርፋቸው ነበር። «ኤዬ! ምን ሆንክ?» ብላ መጣች። ወደ ጀልባዋ አልወጣችም፤ ከዳር ሆና አንገቷን አሰገገች።

«ራሱ ይወጣል! ማንም ሳይነካው ይወጣል!»

አየችው። ከዚያ አየችኝ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «አንተ ጠዋት እስከ የት ሞላህ?»

«እስከ ከንፈሩ።»

«ቅቤ ሞልተህ አታውቅም?» አለችና ከአህያዋ አንድ ቅል አውርዳ ክዳኑን ከፈተችልኝ። ቅቤው ከአንገቱ በታች ሦስት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር። «ጠዋት ቅቤ ትተኛለች። ቀትር ትነሳለች። ቦታ ካልተውክላት ክዳኑን ገፍታ ትወጣለች። እናቴ በልጅነቴ በዚህ ገርፋኛለች።»

«ይኼ ቅቤ አይደለም፤ ቤንዚን ነው» አልኩ።

«ላኪ፣ ኧረ ተው! ፀሐይ ይመርጣል እንዴ?»

በመንገድ ላይ ሆዳቸውን እየነፉ «ጧ» የሚሉት ጣኒካዎች ያኔ ትዝ አሉኝ። ስንት ወር ሙሉ በጆሮዬ ሲነግሩኝ አሚን ስል ኖሬያለሁ።

ለሙሴ ያኒ ሮጬ ነገርኩት። እያዳመጠኝ ፊቱ ቀላ። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሙሉ ሙዪ፣ ግን ሙሉ አይደለም! አምላኬ! መጀመሪያ ቀን ነገርኩሽ! ሦስት ጣት ባዶ! ሦስት!» ብሎ ጣቶቹን ዓይኔ ላይ ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ሦስት ጣት ብለው መቼ ነገሩኝ?»

«እንዳልኩሽ ሞላሁ አልሽኝ!»

«እንዳሉኝ መስሎኝ ነዋ!»

ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ተያየን። እሱ እውነቱን ነው። እኔም አልዋሸሁም። ጋሼ ወልዴ ግን ሄዷል። ሙሴ ያኒ ቁጭ አለና ሲጋራ አወጣ፣ ጀልባዋን አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ሂጂ አምጪው» አለኝ።

ዋና የማይችል ሰው በታንኳ ወደ ቱሉ ጉዶ መሄድ ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። አንድ የደሴቱ ሰው ቀዘፈልኝ። እግሬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነው። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቤንዚን እንደ ቅቤ ነው፣ ቀትር ይነሳል። ደግሜ ስሰማው የእብድ ንግግር መሰለኝ።

ጋሼ ወልዴ ከደጁ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ሲያየኝ ተነሳ፣ መቀመጫ ሰጠኝ፣ ዓሣ እንዲጠበስልኝ ወደ ቤት ተጣራ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ያንን የቅቤ ነገር እንደምንም ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«በራሱ እንደሚወጣ። ለምን እንደሚወጣ አላውቅም፤ ሲወጣ ግን አያለሁ። በየገበያው ቀን ቀትር ላይ እጠርገው ነበር።» ወደ አጥሩ ጠቆመኝ። ነጠላው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ጥለቱ አካባቢ ቢጫ እድፍ ይዞ ቀርቷል። «ባለቤቴ ሦስቴ አጥባዋለች፤ ሽታው አልለቅ ብሎ ቤት አታስገባውም። ከላይ ያለውን እጠርጋለሁ፤ ወደ ሆዷ የሚገባው ግን እያመለጠኝ አስቸገረ።»

«ለምን ይጠርጉታል? ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ጠዋት ጠዋት ጠርተህ ታሳየኛለህ። ደስ ይልሃል። ሙሴ ከፈሰሰ ያባርርሃል ብዬ ነው።»

«ያን ቀንስ? ሰው ሁሉ ፊት ስናገርብዎት?»

መረቡን አነሳና ቀዳዳውን ፈለገ። «ምን ልበል? ‹የሰይድ ጋን ይፈሳል› ካልኩ አንተን ሊያስወጣህ ነው። እኔ ዓሣም ታንኳም አለኝ። አንተ እዚህ አገር ማን አለህ?»

ቆሜ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ ጢም ያለኝ። ባለቤቱ ዓሣውን ይዛ ወጥታ ስታየኝ ተመልሳ ገባች።

ሙሴ እንደጠራው ነገርኩት። «መረቤን ልጨርስ» አለኝ። መረቡን ጨርሶ ግን አልመጣም። ሁለተኛም ሦስተኛም መልእክት ላክን፤ ዓሣ ላከልን እንጂ አልመጣም። ያኮረፈ አይመስለኝም። ጀልባዋ በደሴቱ አጠገብ ስታልፍ ከታንኳው ላይ ሆኖ እጁን ያነሳልን ነበር። ለምን እንዳልመጣ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከደሴቱ እንደተመለስኩ በገበያው ቀን ዳርቻው ላይ ቆሜ ያፈሰስኩት እኔ እንደሆንኩ ለተሰበሰበው ሰው ተናገርኩ። ጉዳዩን የረሳው ብዙ ነበር። አዴ ዱሬቲ ብቻ «ኤዬ፣ እንዲህ ነው» አለችና ቅቤዋን መልሳ በጀልባዋ ጫነች። ከዚያ ወዲያ የባቡር ቅቤ ያላት የለም።

ጣልያን እስኪገባ ድረስ እዚያው ሠራሁ። በኋላ ጀልባዋም ሙሴ ያኒም ወዴት እንደደረሱ አላውቅም። እኔ ወደ አዳማ ተመልሼ ዕድሜዬን በበርሜልና በማደያ ጨረስኩ። ስንት ሰው አሠለጠንኩ፤ አንዱንም «ሙሉ ሙላ» ብዬ አላዘዝኩም። ጣቴን ዘርግቼ ነው የማሳየው፤ ከዚያ እሱ ደግሞ ጣቱን ዘርግቶ መልሶ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ።

ዛሬ በዝዋይ ጀልባ የምትነዱ፣ በማደያ የምትሠሩ ልጆች ሥራውን ጻፍልን ስላላችሁኝ ነው ይህን ያልኩት። ጋን ስትሞሉ ከአፉ ሦስት ጣት አጉድሉ፤ ጠዋቱ ብርድ ከሆነ አራት። ፈስሶ ካገኛችሁት ደግሞ ማን አፈሰሰው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩት።